ከሱሉልታ ጣቢያ እስከ ቦሌ መስኮት፦ የመንገደኛ ስልክ ታሪክ ከጉለሌ ሲታይ

በአገራችን የስልክ ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ነው፤ የሚያበቃውም በተዘረጋው መስመር ርዝመትና በደንበኞች ብዛት ነው። ይህ አካሄድ የሚነቀፍ አይደለም። ሆኖም ታሪኩ ስልኩን ከተከለው ወገን የታየ በመሆኑ፣ ከአገሩ ወጥቶ ከሰው አገር አውሮፕላን ማረፊያ የደረሰ መንገደኛ «ደኅና ገባሁ» የምትለውን አጭር ቃል ወደ ቤቱ ለማድረስ ምን ይከፍል፣ ማንንስ ያስፈቅድ እንደ ነበር አይነግረንም። ዛሬ ጉዳዩ ጥፍር በምታህል ፕላስቲክ የሚያልቅ ይመስላል። የማኅበራችን አባላት ለስብሰባ፣ ለሥልጠና ወይም ለዕቃ ርክክብ ወደ ናይሮቢ፣ ወደ ዱባይ ወይም ወደ ኢስታንቡል ሲሄዱ፣ ገና ሻንጣቸውን ሳይቀበሉ ዓይናቸው የሚፈልገው ሲም ካርድ የሚሸጥበትን መስኮት ነው። ልማዱ ተራ ቢመስልም የኋላ ታሪኩ ረጅም ነው፤ መስኮቱም ለመንገደኛ ሁሉ እኩል የተከፈተ አይደለም። ይህ ጽሑፍ ስለዚህ ነገር ጥቂት ለማለት የታሰበ ነው።

ዓመታቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር መጻፍ ሲያስፈልግ እ.ኤ.አ. የሚለውን ምልክት አደርግበታለሁ። ነገሩን ለማየት የቆምሁበት ሰፈር ጉለሌ ነው። የሰፈሩ ነዋሪ መሆኔ አንዱ ምክንያት ሲሆን፣ ሌላም አለ። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚወጣው መንገድ በአዲሱ ገበያ አልፎ፣ የእንጦጦን ሰንሰለት ተሻግሮ ሱሉልታ ይገባል። ሱሉልታ ደግሞ አገራችን ከውጭው ዓለም ጋር በሳተላይት የተነጋገረችበት የምድር ጣቢያ የተተከለበት ስፍራ ነው። በሌላው ወገን፣ በሽሮ ሜዳ፣ በቀጨኔ፣ በሩፋኤልና በፓስተር አካባቢ ልጁን ወይም እኅቱን ወደ ዓረብ አገር ወይም ወደ አሜሪካ ያልሸኘ ቤት ማግኘት ቀላል አይደለም። እንግዲህ ጉለሌ የሩቅ ጥሪ በራሱ ላይ የሚያልፍበትም፣ በየቤቱ የሚጠበቅበትም ሰፈር ነበረ ለማለት ይቻላል።

መሥሪያ ቤቱ ራሱ እንደሚተርከው ቴሌኮሙኒኬሽን ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1894 ነው፤ ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘው የ477 ኪሎ ሜትር መስመርም የዚያ ዘመን ትልቁ ሥራ ነበር። ሰው ሳይታይ ድምፅ መሰማቱ የሰይጣን ሥራ ነው ተብሎ በቤተ መንግሥት ስለ ተነሣው ተቃውሞ የሚነገረው ወሬ በየመጽሐፉ ስለሚገኝ እዚህ አልደግመውም። ለጉዳያችን የሚጠቅመው መስመሩ ለማን እንደ ተዘረጋ ማስተዋል ነው። መስመሩ የተዘረጋው ለመንግሥት ጉዳይና ለባሕር በር ንግድ ነበር። ስልክ የቤት፣ የቢሮ፣ የጣቢያ ንብረት ነው፤ ከግድግዳ ጋር የታሰረ ነው። መንገደኛ የራሱ ቁጥር ይኖረዋል የሚል አሳብ በዚያን ጊዜ በእኛም ሆነ በሌላው ዓለም የነበረ አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን የመሥሪያ ቤት ታሪክ በአጭሩ ማለፍ ይሻላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1932 የዓለም አቀፍ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አባል ሆነች። በ1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለስልክ ሥራ የ1.5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ፈቀደ፤ በ1945 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 131 የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። ቦርዱ በኋላ አገልግሎት፣ በ1973 ዓ.ም. ባለሥልጣን፣ በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን፣ በ2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ተባለ። ስሙ በተለወጠ ቁጥር ደብዳቤው ላይ ያለው ማኅተም ተለወጠ፤ ሕዝቡ ግን «ቴሌ» ማለቱን አልተወም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን የካይሮ በረራ ያደረገው በ1938 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ መንገደኛው የሚነሣው ከልደታ ሜዳ ነበር፤ የጄት አውሮፕላኖች በ1955 ዓ.ም. ሲመጡ ቦሌ ተተካ። በእነዚህ ዓመታት ወደ ውጭ የሄደ ተማሪ ወይም ሠራተኛ መድረሱን የሚያስታውቀው በደብዳቤ ነው፤ ነገሩ ካስቸኮለ በቴሌግራም። በስልክ መነጋገር የሚፈልግ ሰው ጥሪ አስመዝግቦ መጠበቅ ነበረበት። ጥሪው በአጭር ሞገድ ራዲዮ የሚተላለፍ ስለ ነበረ ደግሞ የማዞሪያው ሠራተኛ ትጋት ብቻውን አይበቃም። አጭር ሞገድ ከምድር በላይ ባለው በኤሌክትሪክ የተሞላ የአየር ድርብ ላይ ነጥሮ የሚመለስ ነው፤ ይህም ድርብ እንደ ፀሐይ መውጣትና መግባት ይለዋወጣል። ስለዚህ ከቀኑ በአንዱ ሰዓት ጥርት ብሎ የሚሰማ ድምፅ በሌላው ሰዓት የምንጭ ውኃ የሚፈስበት ይመስላል። መንገደኛው ሠራተኛውን ቢያስፈቅድም ፀሐይን ማስፈቀድ ይቀረዋል ማለት ነው።

የሱሉልታ የሳተላይት ምድር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1979 ሥራ ሲጀምር ይህ ችግር በአብዛኛው ቀረ። ጥሪው ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ወደ ቆመው ሳተላይት ወጥቶ ይወርዳል። መንገዱ ሩቅ በመሆኑ ብርሃን እንኳ ወጥቶ ለመውረድ የሰከንድ ሩብ ያህል ይፈጅበታል፤ ጥያቄ ተጠይቆ መልስ እስኪሰማ ግማሽ ሰከንድ ያልፋል። በዕድሜ የገፉ የሰፈራችን ሰዎች ዛሬም ከውጭ ለተደወለ ስልክ ጮኸው የሚናገሩትና ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በኋላ ዝም የሚሉት በዚያ ዘመን የለመዱት ሆኖ ይታየኛል። ሁለት ሰዎች እኩል ሲናገሩ ቃላቱ ይጋጩ ስለ ነበር፣ የተማሩት ወግ ተራ መጠበቅ ነው።

ጣቢያው ከእንጦጦ ማዶ ቢሆንም፣ ከእንጦጦ ወዲህ ያለው የጉለሌ ሰው ስልክ ነበረው ማለት አይደለም። የቤት ስልክ የሚገባው በማመልከቻና በረጅም ወረፋ ነው። በአንድ መንደር አንድ ወይም ሁለት ቤት ስልክ ቢኖር ያ ቤት የመንደሩ ሁሉ ቤት ይሆናል። ከውጭ የሚደውለው ሰው መጀመሪያ የባለስልኩን ቤተሰብ ጤና ይጠይቃል፤ ከዚያ «እባክዎ እትዬ፣ እናቴን ይጥሩልኝ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ መልሼ እደውላለሁ» ይላል። አንድ ልጅ ይሮጣል። እናት ነጠላዋን አጣፍታ ትመጣለች፤ ስልኩ እስኪደወል ቡና ይቀርባል። ስልኩ ሲመጣ የምትናገረው በባለቤቶቹ ፊት ነው። ገንዘብ ስለ መላክ፣ ስለ ሕመም፣ ከቤት ስለ ተነሣ ጠብ የሚነገረው ነገር ሁሉ በሰው ሳሎን ውስጥ የተነገረ ነው። የባለስልኮቹ ደግነት የሚካድ አይደለም፤ ብዙዎቹ ሳይሰለቹ ለዓመታት አገልግለዋል። ነገር ግን ይህን ዘመን ስናስታውስ መተሳሰቡን ብቻ ማንሣት የልማድ ጉድለት ነው። እናትና ልጅ ያለ ምስክር የሚነጋገሩበት መንገድ አልነበራቸውም።

መፍትሔውን ሰዎች ራሳቸው ፈለጉለት። ድምፅን በካሴት ቀድቶ ወደ አገር ቤት በሚመለስ ሰው እጅ መላክ አንዱ ነበር። አንዱ የካሴት ፊት ለእናት፣ ሁለተኛው ለወንድም ይሆናል፤ መልሱም በዚያው ካሴት ላይ ተቀድቶ ይመለሳል። በአሜሪካ፣ በተለይ በዋሽንግተን አካባቢ፣ እንጀራና በርበሬ የሚሸጡት የአበሻ ሱቆች ቁጥሩ በፍቆ የሚታይ የጥሪ ካርድ መሸጥ ጀመሩ። ካርዱ ለዚህን ያህል ደቂቃ ይበቃል ተብሎ ተጽፎበት፣ ግማሹ ሳይሞላ የሚቋረጥበት ጊዜ ብዙ ነበር። የሲም ካርዱ ታላቅ ወንድም ይህ የወረቀት ካርድ ነው ብል ሙያውን የሚያውቁ ባልደረቦቼ አይስማሙም ይሆናል፤ በመንገደኛው ኪስ ውስጥ ግን ቦታውን የለቀቀው ለሲም ካርድ ነው።

አሁን ወደ ካርዱ እንምጣ። የመጀመሪያውን ሲም ካርድ እ.ኤ.አ. በ1991 የሠራው በጀርመን የሙኒክ ከተማ የሚገኘው ጊዘከ ኡንድ ዴቭሪየንት የተባለ ድርጅት ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹን 300 ካርዶች የገዛው ራዲዮሊንያ የተባለው የፊንላንድ የስልክ ድርጅት ነው። ካርዱ በመጀመሪያ የባንክ ካርድ ያህል ነበር፤ 85.6 በ54 ሚሊ ሜትር ገደማ። በኋላ 25 በ15 ሆነ፣ ዛሬ በየስልኩ የምናየው 12.3 በ8.8 ሚሊ ሜትር ነው። ያነሰው ፕላስቲኩ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው በመካከሉ ያለው ጥቃቅን የወርቅ ቀለም ገጽታ ያለው ቺፕ መጠኑ ያን ያህል አልተለወጠም።

ካርዱ ሁለት ነገሮችን ይይዛል። አንደኛው የደንበኛው ዓለም አቀፍ መለያ ነው። 15 አሐዝ ሲኖረው የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አገርን ያመለክታሉ፤ የኢትዮጵያ 636 ነው። ይህ የምንደዋወልበት የስልክ ቁጥር አይደለም፤ የስልክ ቁጥሩ በድርጅቱ መዝገብ ከዚህ መለያ ጋር የተያያዘ ብቻ ነው። ሁለተኛው 128 ቢት ርዝመት ያለው ምስጢራዊ ቁልፍ ነው። ስልኩ ከማማው ጋር ሲገናኝ ድርጅቱ በዘፈቀደ የመጣ አንድ ቁጥር ይልካል፤ ካርዱ ያን ቁጥር ከቁልፉ ጋር አስልቶ ውጤቱን ይመልሳል፤ ድርጅቱም በራሱ ዘንድ ካለው ቅጂ ጋር ያስተያያል። ቁልፉ ራሱ ከካርዱ አይወጣም። በቀድሞ ጊዜ ከሩቅ የመጣ መልእክተኛ ለመታመን ከላኪው የታወቀ ምልክት ይዞ ይመጣ ነበር። እዚህ መልእክተኛው ምልክቱን ሳያሳይ፣ ምልክቱን የያዘ ሰው ብቻ ሊመልሰው የሚችለውን ጥያቄ ይመልሳል። ሰውየው ከግድግዳው የተፈታው በዚህ ዘዴ ነው። መሣሪያው የማንም ቢሆን፣ አገሩ የትም ቢሆን፣ ካርዱ ያለበት ስልክ የባለካርዱ ስልክ ይሆናል።

አንድ አስገራሚ አጋጣሚ አለ። ካርዱ እ.ኤ.አ. በ1991 ተሠራ፤ የእጅ ስልክ አገልግሎት በአዲስ አበባ የተጀመረው በሚያዝያ 1991 ዓ.ም. ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በሁለቱ የዘመን አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት ያህል ነው። የመጀመሪያው መሣሪያ የኤሪክሰን ሲሆን የመሸከም ዓቅሙ 36,000 መስመር ነበር። ይህንም ከሳተላይቱ ከፍታ ጋር ያመሳሰለው አጋጣሚ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ለጉለሌ ሰው ሁለቱም እኩል ሩቅ ነበሩ።

መስመሩ ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ስለ ነበር ቁጥር እንደ ርስት ታየ። ሰው በምዝገባና በተራ ካርድ ያወጣል፤ ያወጣው ካርድ በገበያ ላይ ከተመደበለት ዋጋ በላይ ይሸጣል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. የቁጥሮች አወቃቀር ሲለወጥ፣ በ09 ይጀምሩ የነበሩት በ0911 ሆኑ። ዛሬ 0911 ያለው ሰው ቁጥሩን ላለመለወጥ የሚያሳየው ጥንቃቄ ከዚያ ዘመን የተረፈ ኩራት ነው፤ የቆየ ነጋዴ ወይም የቆየ ባለሥልጣን መሆኑን ቁጥሩ ይናገርለታል። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ የአጭር ጽሑፍ መልእክት ተዘግቶ የተከፈተው በ2000 ዓ.ም. መባቻ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። በካርዱ ላይ ያለው ቁልፍ የደንበኛው ቢሆንም በሩ የሌላ መሆኑን ያኔ ሁሉም ተረዳ።

ቦሌ ላይ ትልቁ መንገደኞች ማስተናገጃ በጥር 1995 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ከአውሮፕላን የወረደ እንግዳ እንደ ሌላው አገር ፓስፖርቱን አሳይቶ ካርድ ገዝቶ የሚወጣበት ሁኔታ ገና አልተመቻቸም ነበር። ለነዋሪው ያልበቃ ቁጥር ለእንግዳ ከየት ይመጣል? እንግዳው ከሆቴል ወይም ከግለሰብ ካርድ ይከራያል፤ ከውጭ ለዕረፍት የመጣ የሰፈራችን ልጅ ደግሞ የእኅቱን ካርድ ይዋሳል፤ እኅት ለሦስት ሳምንት ያለ ስልክ ትቀመጣለች። ነገሩ መለወጥ የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ዜድቲኢ ከተባለው የቻይና ኩባንያ ጋር ሰፊው የማስፋፊያ ውል ከተፈረመ በኋላ ነው። ማማዎች ሲበዙ ካርድ ረከሰ፤ ካርድ ሲረክስ ቦሌ ላይ ለእንግዳ መሸጥ ተቻለ። በአንድ አውሮፕላን ማረፊያ ሲም ካርድ ተዘርግቶ ሲሸጥ ካየን፣ በዚያ አገር ቁጥር ብርቅ መሆኑ ቀርቷል ብሎ መገመት ይቻላል።

መንገደኛ የራሱን ካርድ ይዞ ሳለ ለምን ሌላ ይገዛል የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው የሂሳብ አሠራሩ ነው። ሰው በቤቱ ካርድ በሌላ አገር ሲጠቀም ሮሚንግ ይባላል። የእንግዳው አገር ድርጅት የተጠቀመበትን መዝግቦ ለቤቱ ድርጅት ሂሳብ ይልካል፤ የቤቱ ድርጅት የራሱን ጨምሮ ደንበኛውን ያስከፍላል። ሁለት ነጋዴ በአንድ ዕቃ ላይ ያተርፋል ማለት ነው፤ ለእኛ ደግሞ ሂሳቡ በውጭ ምንዛሪ መተሳሰቡ አለበት። አውሮፓውያን በመካከላቸው ያለውን ይህን ጭማሪ በሕግ ያስቀሩት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 ነው። በሌላው ዓለም ያለው መንገደኛ መፍትሔ የአገሩን ካርድ ገዝቶ ለጥቂት ቀናት በስልክ መዝገብ የአገሩ ሰው መሆን ነው።

ይህንኑ የዋጋ ልዩነት በስውር የተጠቀሙበትም ነበሩ፤ ታሪኩ ለእኛ ሙያ ትምህርት ስላለው ትንሽ ልቆይበት። ከውጭ ወደ ኢትዮጵያ የሚደወል ጥሪ ሲገባ ድርጅቱ የሚያስከፍለው ታሪፍ በአገር ውስጥ ካለው ጥሪ እጅግ የበለጠ ነበር። አንድ ሰው በርካታ ሲም ካርድ የሚሰካበት ሣጥን በአንድ ክፍል ውስጥ ያስቀምጣል፤ ጥሪው ከጂዳ ወይም ከቤሩት በኢንተርኔት ተጉዞ ሣጥኑ ዘንድ ይደርሳል፤ ሣጥኑ ከካርዶቹ በአንዱ እንደ ተራ የከተማ ጥሪ ወደ እናት ስልክ ይደውላል። እናት ስልኩን ስታየው በ09 የሚጀምር ያገር ቤት ቁጥር ነው፤ ስታነሣው ከባሕር ማዶ ያለች ልጇ ናት። መልሳ ስትደውል «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» ይላታል ወይም የማታውቀው ሰው ያነሣዋል። መሣሪያው ላይ የሚታየው ዱካ ግልጽ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሚደውል፣ ፈጽሞ የማይደወልለት፣ ከአንድ ማማ ሥር የማይንቀሳቀስ ደንበኛ ሰው ሊሆን አይችልም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 እንዲህ ያለውን ሥራ በከባድ እስራት የሚያስቀጣ አደረገው። መንግሥት ገቢ ማጣቱ እውነት ነው፤ ድርጊቱም ስርቆት ነው። ነገር ግን ሣጥኑን የወለደው ከውጭ የሚደውለው ድሃ ሠራተኛ ሊከፍለው የማይችለው ታሪፍ ስለ መሆኑ ያን ጊዜ ጥቂት ሰው ነው የተናገረው። በኋላ ሣጥኑን ያዳከመው ከአዋጁ ይልቅ ኢሞና ዋትስአፕ ይመስለኛል፤ ጥሪው በነፃ ሲሆን የሚሰረቅ ልዩነት አልቀረም።

በተለያዩ አገሮች ማረፊያዎች ያለው የካርድ ሽያጭ የአገሩን ጠባይ ያሳያል። በናይሮቢ መስኮቱ ከመውጫው አጠገብ ነው፤ ሻጩ ካርዱን ሲያስገባልህ የኤም-ፔሳን ነገር ሳያነሣ አይለቅህም። በዱባይ በፓስፖርት መቆጣጠሪያው ላይ ለጎብኚ ካርድ በነፃ እስከ መታደል ተደርሷል፤ ሆኖም በዋትስአፕ ድምፅ ለመደወል የሞከረ ሰው መስመሩ በአገሩ ደንብ መዘጋቱን ያገኘዋል። በቱርክ ካርዱን መግዛት ቀላል ሲሆን ከውጭ የገባው ስልክ ራሱ ካልተመዘገበ ከ120 ቀን በኋላ ከአገሩ ካርድ ጋር አይሠራም። በጀርመን እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ማንነቱ ያልተረጋገጠ ሰው የቅድመ ክፍያ ካርድ አይከፈትለትም። አንድ ማረፊያ ላይ፣ ስሙን አልጠራም፣ «የቱሪስት ጥቅል» ተብሎ የተሸጠልኝ ካርድ በማግሥቱ ከተማ መሐል በግማሽ ዋጋ ሲሸጥ አይቻለሁ። ሌሊት የደረሰና የሚቀበለውን ሰው ቁጥር ለመደወል የቸኮለ መንገደኛ ዋጋ እንደማያከራክር ሻጮቹ አሳምረው ያውቃሉ።

ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ አዲስ የመጣ ችግርም አለ። ባንኩ ገንዘብ ሲያንቀሳቅስ የሚልከው የማረጋገጫ ቁጥር፣ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ቴሌብር፣ ከኢትዮጵያ ካርዱ ጋር የተሳሰሩ ናቸው። ካርዱን አውጥቶ የሰው አገር ካርድ ያስገባ ሰው ለመደወል ሲችል ከገንዘቡ ይቋረጣል። ሁለት ካርድ የሚይዙ ስልኮች የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ስልኮች አንድ ድርጅት ብቻ በነበረበት አገራችን ለምን እንዲህ እንደ ተወደዱ ያስገርመኝ ነበር፤ ሌላ አገር እንደሚደረገው ከሁለት ድርጅቶች ርካሹን ለመምረጥ አይሆን። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ቦታ ባዶ ይዞት ይኖራል፤ የሚሞላው ከቦሌ ሲነሣ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ስለሚገዛው መንገደኛ ነው። በቦሌ መነሻ አዳራሽ ግን የሚበዙት የተለዩ መንገደኞች ናቸው። አንድ ዓይነት ሻርፕ አድርገው፣ ወረቀታቸውን በላስቲክ ፋይል ይዘው በቡድን የሚቆሙትን ወጣት ሴቶች ማን ያላያቸው አለ? በሪያድ ወይም በቤሩት ሲወርዱ ካርድ የሚሸጥበት መስኮት ለእነርሱም ተዘርግቷል፤ አጠገቡ ግን አይደርሱም። የሚቀበላቸው ወኪል ወይም አሠሪ ይጠብቃቸዋል፤ ፓስፖርቱን የሚወስድ አሠሪም ብዙ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ካርድ የሚወጣው በጣት አሻራና በመታወቂያ ነው፤ አዲስ የመጣች ሠራተኛ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዷ የሚወጣው በአሠሪዋ አማካይነት ነው። ፈቃዱ እስኪወጣ በስሟ ቁጥር የላትም። ስልኳን የሚቀማ አሠሪ ከገጠማት ደግሞ ፈቃዱም አይረዳት። ደግ አሠሪ ካገኘች በቤቱ ኢንተርኔት በኢሞ ትደውላለች፤ ድምፅዋ ግልጽ ነው፣ ፊቷም ይታያል፤ የምትናገረው ግን በሰው ቤት፣ በሰው ፊት፣ የሰው በጎ ፈቃድ እስካለ ድረስ ነው። ከአርባ ዓመት በፊት ጉለሌ ውስጥ በጎረቤት ሳሎን ቆማ ትናገር የነበረችው እናት የነበረባት ሁኔታ አሁን በልጅ በኩል መጣ።

የአሠሪና ሠራተኛ ውል ናሙናዎችን የሚያዘጋጁ ሰዎች ስለ ደመወዝ፣ ስለ ዕረፍት ቀንና ስለ መመለሻ ትኬት ብዙ ይደክማሉ። በስሟ የተመዘገበ ካርድ በደረሰች በጥቂት ቀናት ውስጥ በእጇ እንዲገባ የሚያዝዝ አንድ መስመር ቢጨመር ወጪው ከአንድ ቀን ምግብ የማይበልጥ ነው። በሙያው ያለን ሰዎች ይህን የምንለው ጉዳዩ ከባድ ቴክኒክ ስለሌለው ነው፤ ካርዱ ቀድሞ ተሠርቷል፣ መስኮቱም ቀድሞ ተከፍቷል።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ፣ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ የቆየው ብቸኛ መስኮት በቅርቡ ሁለት ሆኗል። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ተቋቋመ፤ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሳፋሪኮም የሚገኝበት ማኅበር በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ አገኘ። አገልግሎቱ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ተሞከረ፤ በመስከረም መጨረሻ 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተመረቀ። ቁጥሮቹ በ07 ይጀምራሉ። የጉለሌ ሱቆች በር ላይ ሁለት ቀለም ታየ፤ ቦሌ ላይም እንግዳ ፓስፖርቱን ይዞ ዋጋ አወዳድሮ ይገዛል። ከድሬዳዋ መጀመሩን የማኅበራችን አንዳንድ ሽማግሌ አባላት ለጨዋታ ሲያነሡት ሰምቻለሁ፤ የመጀመሪያውም መስመር የመጣው በምሥራቁ በኩል ነውና።

ከዓረብ አገር ለብዙ ዓመት ቆይታ የምትመለስ ሴት ብዙ ጊዜ የድሮውን የኢትዮጵያ ካርዷን ይዛ ትመጣለች። ስትሄድ በወረቀት ጠቅልላ በፓስፖርቱ ሽፋን ውስጥ የደበቀችው ነው። ቦሌ ላይ ስልኳ ውስጥ ስታስገባው አይሠራም፤ ለረጅም ጊዜ ያልተጠቀሙበት ቁጥር ተዘግቶ ለሌላ ደንበኛ ይሰጣልና። ወደ መስኮቱ ሄዳ አዲስ ካርድ ታወጣለች። ሻጩ መታወቂያዋን መዝግቦ፣ ካርዱን ሰክቶ፣ «ይደውሉና ይሞክሩት» ሲላት የምትደውለው በቃሏ ወደምታውቀው ቁጥር ነው፤ ሽሮ ሜዳ ያለው ቤትም ቁጥሩን አላውቀውም ብሎ እንዳይተወው ሁለት ጊዜ ትደውላለች።